ልጁን ማን ይይዛል? እናቶች የራሳቸውን አነስተኛ ሥራ የሚጀምሩበት ምክንያት

ስለ እናቶች አነስተኛ ንግድ ሲነሣ ውይይቱ ወዲያው ወደ መነሻ ካፒታል፣ ወደ ሥልጠናና ወደ መሸጫ ቦታ ይሄዳል። ሁሉም የሚያስፈልጉ ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ የሚቀድመው ጥያቄ፣ ማለትም አንዲት እናት ወር ጠብቆ የሚከፈል ደመወዝ ትታ ወይም ጭራሹን ሳትፈልገው ገቢው በውል ወደማይታወቅ የግል ሥራ የምትገባው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ፣ በወጉ አይጠየቅም። ሲጠየቅም በሁለት መልሶች ይታለፋል፤ ችግር አስገድዷት ነው ይባላል፣ ወይም ራሷን ለመቻል ፈልጋ ነው ይባላል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ሆኖም በከተሞቻችን በሚኖሩ ብዙ እናቶች ዘንድ ውሳኔውን የሚቆርጠው የሰዓት ጉዳይ ይመስለኛል፦ ልጁን ከጠዋት እስከ ማታ ማን ይይዛል? ብዙዎቹ ወደ ንግድ የሚገቡት ይህን ጥያቄ የሚመልስላቸው ሌላ ሥራ በማጣታቸው ነው፤ የንግዱ ዓይነትም፣ ስፋቱም፣ ዕድገቱም ከዚሁ ይመነጫል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ክፍያ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የነበረው ፈቃድ 60 ቀን ብቻ ስለነበር መሻሻሉ ቀላል አይደለም። በሳምንት 6 ቀን በሚሠራ ድርጅት 90 የሥራ ቀን 15 ሳምንት ነው፤ በመሀል የሚውሉ በዓላት ሲታከሉበት ወደ 4 ወር ይጠጋል። በሌላ በኩል የጤና ሚኒስቴርም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ። ከፈቃዱ ማብቂያ እስከ 6 ወር ያለው ጊዜ የመጀመሪያው ክፍተት ነው። ሁለተኛው እጅግ ይሰፋል፤ ልጅ ነርሰሪ የሚገባው ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ በመሆኑ፣ ፈቃዱ ካበቃ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነውን ጊዜ ሕጉም ትምህርት ቤቱም አይሸፍኑትም።

በዚህ ላይ የወሊድ ፈቃዱን ክፍያ ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው አሠሪው ነው። ወጪውን የሚጋራ የማኅበራዊ መድን ሥርዓት ባለመኖሩ፣ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት በቅርቡ ያገባች ወይም ጨቅላ ልጅ ያላት ሴት ለመቅጠር ያመነታል። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ልጅ አለሽ? ስንት ዓመቱ ነው?» ተብላ የተጠየቀች ሴት ጥያቄው ለሰላምታ እንዳልቀረበ ጠንቅቃ ታውቃለች። ለእናቶች የተሰጠ መብት እናቶች እንዳይቀጠሩ ምክንያት ሲሆን ማየት ያሳዝናል፤ መፍትሔው ግን መብቱን መቀነስ ሳይሆን ወጪውን ከአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ ማውረድ ነው።

ወደ ሥራዋ ብትመለስስ ልጁን ማን ይይዘዋል? የመጀመሪያዋ መልስ አያት ናት። አያት በቅርብ ያለቻት እናት ዕድለኛ ናት፤ ነገር ግን ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዳማ መጥታ ጎጆ የወጣች ሴት እናቷ ያለችው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ነው። ሁለተኛዋ መልስ የቤት ሠራተኛ ናት። የቤት ሠራተኝነት በአዋጅ 1156 የማይሸፈን ሥራ በመሆኑ፣ በአሠሪዋ እናትና በሠራተኛዋ መካከል ያለው ውል በአመዛኙ የቃል ነው፤ ሠራተኛዋ መብቷን የምታስከብርበት በቂ መንገድ የላትም፣ አሠሪዋም በነገው ቀን እርግጠኛ መሆን አትችልም። «ሠራተኛዬ ወጣችብኝ» የሚለው አነጋገር በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማ የዘወትር ቃል ሆኗል፤ ያን ቀን ከሥራ የሚቀረው ማን እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ አያስፈልግም። በርካታ ወጣት ሴቶች ወደ ዓረብ አገሮች በመሄዳቸው የሠራተኛ ክፍያ ከፍ ብሏል፤ የግል የሕፃናት ማቆያ ደግሞ ለመካከለኛ ገቢም የሚከብድ ነው። በአገራችን ለግል ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ወይም የሱቅ ተቀጣሪ የሠራተኛዋን ክፍያ፣ የትራንስፖርቱንና የምሳውን ወጪ ከደመወዟ ስትቀንስ የሚተርፋት እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ፣ ሥራ የምትለቀው ሰንፋ ሳይሆን ሂሳብ ሠርታ ነው።

ተቀጥሮ መሥራት ሁልጊዜ ከግል ሥራ ይሻላል የሚለው እምነት በአገራችን በጥናት ተፈትኗል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑትን፣ በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን በኢንዱስትሪ ሥራ እንዲቀጠር ተደረገ፤ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማ የሚሆን ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም ሳይሰጠው ቀረ። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ለቀቁ፤ አድካሚና ለጤና የማይመች ሆኖ አግኝተውት ነበር። የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ የታገዙት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ገቢያቸው 33 በመቶ ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ በቡድኖቹ መካከል የነበረው የገቢ ልዩነት ጠፍቶ አገኙት።

ጥናቱ የተለየ ትኩረት በእናቶች ላይ አላደረገም፤ ስለዚህ ከሚናገረው በላይ ልናናግረው አይገባም። ይሁንና ሁለት ነገር ያሳየናል። በአነስተኛ ደመወዝና በጥብቅ ሰዓት የሚሠራ ሥራ ለተቀጣሪዋ የሕይወት ዋስትና ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም፤ ሥራውን ትታ የሄደችው ሴት የተሻለ አማራጭ መርጣ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ለንግድ ደጋፊዎች የማይመች እውነት ነው፦ ገንዘብና ሥልጠና መጀመሪያ ላይ ሥራን ያስነሣሉ፣ ብቻቸውን ግን ለዓመታት አያዘልቁትም። ሌላ የሚጎትት ነገር አለ። ያ የሚጎትተው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ሥራ ቀርቦ ማየት ይረዳል።

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥን እናት እንውሰድ። ቤቷ የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ልጆቿ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ኬጂ ይማራል፣ ትንሿ ገና ትድሃለች። እርሾው የተጨመረበት ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ ይህ ማለት ሥራው የአንድ ጊዜ ሥራ ሳይሆን በየባልዲው በተለያየ ደረጃ ላይ ያለ ሊጥ መከታተል ነው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አሮጌው ውሃ ይደፋና አብሲት ይጣላል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲጠብቃት ምጣዱን ትለኩሳለች። ጎረቤት ሁሉ ምድጃ ከመለኮሱ በፊት መሥራት የምትመርጠው ኃይሉ በዚያ ሰዓት ስለማይዋዥቅ ጭምር ነው። እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ያወጣችው እንጀራ በሰፌድ ላይ በርዶ፣ በፌስታል እየታሰረ በአካባቢው ላሉ ሱቆች ይሰጣል። ከዚያ ትልቁን ልጅ አጥባ፣ ምሳ ዕቃውን ቋጥራ ወደ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ቀትር ላይ ትንሿ ስትተኛ የጤፍ ዱቄት ታቦካለች፤ ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትልቁን ለመመለስ መውጣት አለባት። መብራት ከጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ልጅ ከታመመ ደግሞ ደንበኛው ሱቅ በማግሥቱ ከሌላ ይወስዳል።

በዚህ ቀን ውስጥ ያለውን ምርጫ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። እንጀራ የመረጠችው ሌላ ሙያ ስለሌላት ብቻ አይደለም፤ ዲፕሎማ ያላቸው፣ በባንክ ወይም በሽያጭ ሥራ ዓመታት ያሳለፉ እናቶችም በዚሁ ሥራ ይገኛሉ። እንጀራ የሚቦካው ልጅ ሲተኛ ነው፣ የሚጋገረው ልጅ ሳይነሣ ነው፣ የሚሸጠውም በአካባቢው ሱቆች በኩል ነው። የባልትና ሥራም እንዲሁ ነው፤ በርበሬ ለቅሞ፣ አስጥቶና ደልዞ ወደ ወፍጮ ቤት መላክ፣ ሽሮ ማዘጋጀት፣ በልጅ ጥሪ መሀል ተቋርጦ ሊቀጠል የሚችል ሥራ ነው። በልብስ ስፌት፣ በጥልፍና በቴሌግራም ቻናል ልብስ በመሸጥም ይኸው ይታያል። በየመንገዱ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላዋን ሴት ስናይ ከረከቦቱ ጀርባ በካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ የሚጫወተውን ልጅ አስተውለን ከሆነ፣ የንግድ ዕቅዷን ዋና አንቀጽ አይተነዋል ማለት ነው።

እነዚህ ሥራዎች ትንሽ ሆነው የሚቀሩትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በሥልጠና አዳራሾች ውስጥ እናቶች ብዙ ጊዜ «ለማደግ ፍላጎት የላቸውም»፣ «ራእይ ይጎድላቸዋል» ሲባል ይሰማል። ይህ አነጋገር ፍትሐዊ አይደለም። ሁለተኛ ምጣድ መግዛት ማለት ተጨማሪ ሰዓት መሥራት ወይም ጋጋሪ መቅጠር ማለት ነው፤ ለሆቴል ማቅረብ ማለት በቀኑ በየትኛውም ሰዓት ለሚመጣ ትእዛዝ ዝግጁ መሆን ማለት ነው። ሥራውን ያቋቋመችው ከልጇ ሰዓት ጋር እንዲስማማ አድርጋ ከሆነ፣ ከዚያ ሰዓት ውጭ የሚወስዳት ዕድገት የመጣችበትን ዓላማ ያፈርስባታል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሴቶች ባልተከፈለበት የቤት ሥራና እንክብካቤ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ከወንዶች በእጅጉ እንደሚበልጥ ታይቷል። የቀኗ ሰዓታት አስቀድመው የተወሰዱባትን ሴት «ለምን አላደግሽም?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄውን ወደ ተሳሳተ ሰው ማቅረብ ነው።

ገንዘቡስ? ገንዘቡ እርግጥ ነው ያስፈልጋል፤ ግን ለምን እንደሚያስፈልግም ሲጠየቅ መልሱ የተለየ ነው። ብዙ እናቶች የሥራቸውን ገቢ አስቀድመው ለአንድ ነገር ይመድቡታል፦ ለትምህርት ቤት ክፍያ። በየዓመቱ የሚጨምረው የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ፣ የደንብ ልብሱና የሰርቪሱ ወጪ ሲደመር በአንድ ደመወዝ የሚገፋ አይሆንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይትና የሌሎች ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ሲንር፣ የአስቤዛ ገንዘብ ከወር ወር የማይደርስባቸው ቤተሰቦች በዝተዋል። እቁብ የሚጣለውም ብዙ ጊዜ ይህን ታስቦ ነው፤ በነሐሴ ወይም በመስከረም ዕጣ እንዲደርሳት ከዳኛው ጋር የምትደራደር እናት የምዝገባ ወቅት መድረሱን አስባ ነው።

ከዚህ ያልተናነሰ ግላዊ የሆነው ምክንያት የሰው እጅ ላለማየት መፈለግ ነው። ለልጅ ጫማ፣ ለእናቷ መድኃኒት፣ ለእድር መዋጮ ሁሉ ባሏን መጠየቅ ያለባት ሴት ባሏ ክፉ ባይሆን እንኳ ይከብዳታል። ይህ ስሜት የሕግ ታሪክም አለው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ከመሆኑም በላይ ለትዳሩ ጥቅም ሲባል ሚስቱ የያዘችውን ሥራ መቃወም ይችል ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ሥልጣን አስቀርቶ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ አደረገ። ሕጉ አስቀድሞ በተሠራባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ ወዳሉ ሥራዎች የመሠማራታቸው ዕድል ከፍ ማለቱ በጥናት ተረጋግጧል። የዛሬዎቹን እናቶች የወለዱት ሴቶች ብዙዎቹ ባል የሚስቱን ሥራ መቃወም በሚችልበት ሕግ ሥር ማግባታቸውን ስናስብ፣ «የራሴ ገንዘብ» የሚለው ቃል ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ይገባናል።

ለሌሎች እናቶች ደግሞ አነስተኛው ሥራ የስደት ምትክ ነው። ልጅን ለአያት ትቶ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ኩዌት መሄድ ለብዙ ቤተሰቦች ዋናው የገቢ መንገድ ሆኖ ቆይቷል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ብዙዎቹ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው እንዲሠሩ ጥረት ተደርጎ ነበር፤ የተሳካላቸው አሉ፣ ተመልሰው የሄዱም አሉ። ለዓመታት ልጇን በስልክ ያሳደገች እናት ስትመለስ የምትፈልገው ሥራ ከልጇ ዳግም የማይለያት ሥራ ነው፤ ይህን ፍላጎት ያልቆጠረ የመልሶ ማቋቋም ዕቅድ ብድሩን ሰጥቶ ሴትዮዋን ያጣታል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን እናቶች በቤታቸው ፈቃድ ያለው የሕፃናት ማቆያ መክፈታቸውም ከዚሁ ስሌት የመጣ ነው፤ የሰው ልጅ እየጠበቁ የራሳቸውንም ያሳድጋሉ።

እናትነት አንዳንዴ የገበያ ዕውቀትም ይሰጣል። የአራስ አጥሚት እህል መጥኖ፣ ቆልቶና አስፈጭቶ የሚሸጠውን፣ ወይም የሕፃን ገንፎ ዱቄት የሚያዘጋጀውን ሥራ የጀመሩት ብዙዎቹ ለራሳቸው ልጅ ያዘጋጁትን ጎረቤት ሲጠይቃቸው ነው። በመቀሌ ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ የተመረጠችው፣ ወደ ሥራው ያስገባት በልጅነቷ የደረሰባት መሸማቀቅ ሲሆን ፋብሪካውንም በልጇ ስም ማርያም ሰባ ብላዋለች። ይህ ዓይነቱ መንገድ ግን የጥቂቶች ነው።

ወደ ድጋፉ ስንመጣ፣ በብድር በኩል የተሠራውን ማሳነስ አይገባም። በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረውና በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ገንዘብ ያቀረበው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት፣ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ፣ ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ለማስያዝ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147/2011፣ ያለ ዋስትና በስልክ አነስተኛ ብድር የሚሰጠው የቴሌብር አገልግሎት፣ ሁሉም በራሳቸው አቅጣጫ የዋስትናን ግድግዳ ለማፍረስ የሞከሩ ናቸው። ቤቱ በባል ወይም በአማች ስም ለተመዘገበባት እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የብድር ክፍያ በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ልጅ ግን ቀን ጠብቆ አይታመምም። የመመለሻ ጊዜውን ከሥራው ወቅት ጋር የሚያስማማ፣ ቢያንስ ከወሊድ በኋላ ላሉት ወራት ዕፎይታ የሚሰጥ ብድር ያስፈልጋል።

ከብድሩ በላይ ግን የሕፃናት ማቆያ ጉዳይ የሥራ ፈጠራ ፖሊሲ አካል ተደርጎ መታየት አለበት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ በዚህም በርካታ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ ከፍተዋል። በአዲስ አበባም የከተማ አስተዳደሩ የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ተስፋ የሚሰጥ ጅምር ነው። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ማቆያ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ በአትክልት ገበያ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሽንኩርት የምታወርደው እናት፣ በመርካቶ ዳር ቅመም የምታቀርበው እናት፣ በየሼዱ የምትሰፋው እናት እዚያ አትገባም። ማቆያ ቢከፈትላትም 2 ሰዓት ተከፍቶ 11 ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ የገበያዋን ሰዓት አይሸፍንላትም።

ለዚህ አዲስ ተቋም መፍጠር የግድ አይልም። ወረዳዎች በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ሰዎች የመሥሪያና የመሸጫ ሼድ ሲያድሉ፣ በእያንዳንዱ የሼድ ግቢ አንዱን ክፍል ለሕፃናት ማቆያ ቢመድቡና አገልግሎቱን ራሱን የሥራ ዘርፍ አድርገው፣ በእንክብካቤ ሠልጥነው ለተደራጁ እናቶች ቢሰጡት፣ በአንድ ውሳኔ ሁለት ወገን ይጠቀማል፦ ልጅ የሚጠብቁት ሥራ ያገኛሉ፣ የሚነግዱትም የሚሠሩበት ሰዓት ያገኛሉ። የማቆያውን የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት የሚወስነው ግን የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በግቢው ውስጥ የሚሠሩት እናቶች ራሳቸው መሆን አለባቸው፤ ገበያው በስንት ሰዓት እንደሚደራ፣ ሊጡ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።